የማያልፉት ድንጋይ

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ፣ እናንተ ከብቶች!» አለ መጋረጃው።

ከማለዳ ጀምሮ ተሸካሚዎቹን የሚያናግራቸው መጋረጃ ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። ከኋላው የላይኛው ዶልፖ አውራጃ ገዥ፣ ሱባ ሪፑማርዳን፣ በበግ ለምድ ላይ ሌላ ለምድ ደርበው፣ የፍም ማሰሮ ጉያቸው ውስጥ አቅፈው ተቀምጠዋል። ቃሬዛውን አራት ሰዎች በትከሻቸው ይዘው ዳገቱን ይገፋሉ። ሱባው ከካትማንዱ ከመጡ ወዲህ የዚህን አገር ተራራ አንድም ቀን በዓይናቸው በብረቱ አላዩትም፤ መጋረጃው ሲከፈት ያስነጥሳቸዋል። ይሁን እንጂ የአውራጃውን መልክዓ ምድር፣ ታሪክና ተፈጥሮ አጽፈው ለቤተ መንግሥት እንዲያቀርቡ ታዘዋል። ስለዚህ እሳቸው ከውስጥ ይጠይቃሉ፤ ጸሐፊያቸው ሃርካናንዳ ደግሞ በብርድ የረጋውን ቀለም ብብቱ ሥር እያሞቀ፣ ከቃሬዛው ጎን ቱስ ቱስ እያለ ይጽፋል።

«ሃርካ! አሁን ምን ይታያል?»

«ተራራ ነው፣ ሁዙር።»

«ትናንትም ተራራ ነው አልከኝ።»

«ሌላ ነው፣ ሁዙር። ይሄኛው ይብሳል።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ጸሐፊው ተሸካሚዎቹን ዞር ብሎ አየ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። በእኛ ሸለቆ ዳገቱ ላይ እያሉ የተራራውን ስም የሚጠራ የለም፤ እዚያ ያለው ጌታ ስሙን ሲሰማ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም።

«አይናገሩም፣ ሁዙር።»

«ስም የለውማ! ምን ይናገሩ? ጻፍ፤ ተራራው እኔ እስክመጣ ድረስ ስም አልነበረውም። በአማቴ ስም ሰይሜዋለሁ።» መጋረጃው ጥቂት አሰበ። «ሰፊ ነው?»

«በጣም ሰፊ ነው፣ ሁዙር። አናቱ ላይም ጉም አይጠፋም።»

«በቃ፣ እሷው ናት።»

ዞምባ ከቃሬዛው ኋላ ትሄዳለች። የቅርጫቷ ማንገቻ ግንባሯን ቀስፎ ይዞታል፤ ቅርጫቱ ውስጥ የሱባው የመዳብ መታጠቢያ አለ። ከካትማንዱ እስከዚህ ድረስ ስንት ሰው ጀርባ ላይ ተፈራርቆ መጥቷል፤ ሱባው ግን ታጥበውበት አያውቁም። ባሎቿ ከፊት ናቸው። ታላቁ ታርጌ ዘንድሮ የመንደራቸው የካርዞንግ ሹመት በዕጣ ስለወጣለት በትር ይዞ መንገድ ይመራል። ታናሹ ጉርሜ ምንም ስላልወጣለት ቃሬዛ ይሸከማል።

«ሃርካ፣ እዚህ አገር አንዲት ሴት ወንድማማቾችን ታገባለች ይባላል። እውነት ነው?»

«አንዷ ይኸው ከኋላችን አለች፣ ሁዙር።»

«ጠይቃት እስቲ፣ አይከብዳትም ወይ?»

ዞምባ ጸሐፊው አፉን እስኪከፍት አልጠበቀችም። «አንደኛው በትር ይዞ ይንጎራደዳል፣ ሌላኛው ሰው ተሸክሞ ይውላል። ሁለቱን ብትደምራቸው አንድ ባል አይሞሉም በልልኝ።»

«የጎደለው አጆ ነው» አለ ጉርሜ ከቃሬዛው ሥር እያለከለከ። አጆ የሚለው ታላቁን ነው። «እኔ ሙሉ ነኝ።»

«አንተ ዝም ብለህ ተሸከም» አለ ታርጌ።

ሳቁ መጋረጃውን አልፎ ገባ። ሱባውም ደስ አላቸው። «ጻፍ፣ ሃርካ። የዚህ አውራጃ ሕዝብ የዋህ፣ ደስተኛና ሸክም ወዳድ ነው። በሸክሙ ላይ ይስቃል።»

ዞምባ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሸክም ወዳድ። ግንባሯ ላይ ያለው ማንገቻ የእናቷ ነበር።

የተራራው በር ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ነፋሱ እዚያ እንደ ወትሮው ጥርስ አውጥቶ ጠበቃቸው። በበሩ አናት፣ ከድንጋይ ክምሩና ከያክ በሬ ቀንዶቹ መሃል፣ በቀይ አፈር የተቀባው የወሰን ድንጋይ ቆሟል። ጠፍጣፋ ነው፤ ክብደቱ የአንድ ሙክት ያህላል። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከድንጋዩ ወዲህ አሳረፉት። አንደኛው እግሩን ከድንጋዩ ትይዩ አሳልፎ ኖሮ፣ እባብ እንደረገጠ ሰው መለስ አደረገው።

ሕጉን እኛ ዘንድ ሕፃን ያውቀዋል። የመንግሥት ሰው ጓዝ ከመንደር ወደ መንደር ይተላለፋል። ካርዞንጎች ከደጃቸው አንስተው በሩ ላይ ያደርሳሉ፤ ከበሩ ወዲያ ያሉት ሳርፑዎች ከዚያ ተቀብለው ይወርዳሉ። ድንጋዩ እስካለበት ድረስ ሣሩም፣ ኩበቱም፣ ሸክሙም የካርዞንግ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ሁሉም የሳርፑ። አንድ መንደር ሸክሙን ከድንጋዩ አንዲት እርምጃ ካሳለፈ ግን አለቀለት፤ በሚመጣው ዓመትም ያሳልፋል፣ የልጅ ልጁም ያሳልፋል። መንግሥት አንድ ቀን የተደረገን ደግነት ልማድ ይለዋል፤ ልማድን ደግሞ ሕግ።

«የሳርፑ ሰዎች የታሉ?» አለ ጉርሜ።

የሉም። በሩ ላይ ማንም የለም።

ታርጌ እጁን በዓይኑ ላይ ጋርዶ ቁልቁል አየ። ከበሩ በታች፣ የሳርፑ የክረምት ሣር በሚጀምርበት ሜዳ ላይ፣ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ዙሪያውን ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ቀና ብሎ አያቸውና ጎድጓዳ ሻሂ መጠጫውን ከፍ አደረገላቸው።

«ሻሂ እየጠጡ ነው!» አለ ታርጌ። «እያዩን ነው፣ እነዚህ የውሻ ልጆች! እስክናሳልፍላቸው እየጠበቁ ነው!»

«ንቀት እኮ ነው» አለ ጉርሜ። «አባታችን ቢያንስ እሳት አላነደደም። ተደብቆ ነበር።»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ዞምባን አየና ከንፈሩን ነከሰ።

ዞምባ የካርዞንግ ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ታክዩ ነው፣ ከገደሉ ማዶ። ሕፃን ሳለች የታክዩ ሰዎች አንድ የታመመ ግብር ሰብሳቢ ተሸክመው በበረዶ ውስጥ ወሰናቸው ላይ ደረሱ። ተቀባዮቹ ካርዞንጎች ግን አልመጡም። ከወሰኑ አጠገብ ካለው ጥቁር ቋጥኝ ጀርባ ተቀምጠው፣ ጠላ እየጠጡ፣ ሳቃቸው እንዳይሰማ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ታክዩዎች ሰውየው እንዳይሞት አዘኑለትና አሳለፉት። ከዚያ ወዲህ ገደሉን በሙሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ካርዞንጎችም የታክዩን ወሰን ድንጋይ በክብር አንስተው በራሳቸው ደጃፍ ተከሉት፤ መሬት ሰጠናችሁ ብለው። የሰጧቸው መሬት ሣር የማይበቅልበት ገደል ነው። የዞምባ እናት አንድ ሹም ድስቱን አሸክሟት ከዚያ ገደል ወደቀች። ድስቱን ፈልገው አወጡት።

ይህ ታሪክ በካርዞንግ በየአዲስ ዓመቱ ይነገራል። የታርጌ አባት የተደበቁበትን እያስመሰሉ ይተርኩት ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ተረከበው። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ጠላውን የምትቀዳው ዞምባ ናት።

«ሃርካ! ለምን ቆምን?» አለ መጋረጃው።

ታርጌ ቀርቦ እጅ ነሣ። የሳርፑ ሰዎች አለመምጣታቸውን፣ ወሰኑን ማለፍ እንደማይችሉ፣ አንድ ሰው ልኮ እንደሚያስጠራቸው ሲዘረዝር መጋረጃው በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ አንድ ቀለበት የበዛበት ጣት ብቅ አለ።

«ስማ። እኔ እግሬ በርዶኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚያ እሳት ዳር ካላደረስከኝ በገመድ ታስረህ ወህኒ ትወርዳለህ፤ የመንደርህንም የክረምት ሣር ለሳርፑ እሰጣለሁ። እነሱ ቢያንስ እሳት ማንደድ ያውቃሉ።»

ሱባውን የሚያጅቡት ሁለት ወታደሮች ገመድ መፍታት ጀመሩ። ከሸንተረሩ አናት የገደል በጎች ተሰልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እነሱ ሲወርዱ በረዶ እየመጣ ነው። በሩ ላይ ማደር የሁሉም መሞቻ ነው።

ታርጌ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ድምፁ ተሰብሯል። «እናሳልፈው። ምን ይደረግ?»

«ታክዩዎችም ያሉት ይህንኑ ነው» አለች ዞምባ።

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ልታሰር?»

ዞምባ ማንገቻዋን ከግንባሯ አወለቀች፤ ቅርጫቷን ገለበጠችው። የመዳቡ መታጠቢያ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ፣ እንደ ቤተ መቅደስ ደወል እየጮኸ፣ ተንከባሎ ቋጥኝ ሥር ተወሸቀ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ መጋረጃው።

«ተፈጥሮ ነው፣ ሁዙር» አለ ሃርካናንዳ ደንግጦ።

ዞምባ ወደ ወሰን ድንጋዩ ሄደች። ሥሩን ያጠበቁትን ጠጠሮች በእግሯ በታተነቻቸው። ጎንበስ ብላ አቀፈችው።

«ዞምባ!» ታርጌ ጮኸ። «ምን ልታደርጊ ነው? የተራራው ጌታ ያየናል!»

«ይየን! እናቴ ስትወድቅም እዚያው ተቀምጦ ያይ ነበር። ሲያይ ነው የኖረው።» ድንጋዩ ተነቃነቀ። «ጉርሜ! ቆመህ ከምታፈጥ ና አግዘኝ!»

«አብደሻል?»

«አዎ። አንሳ!»

ጉርሜ ወንድሙን አየ፣ ጭሱን አየ፣ ከዚያ የድንጋዩን ሌላ ጫፍ ያዘ። ቅርጫቷ ውስጥ አስገቡት። ዞምባ ማንገቻውን ግንባሯ ላይ አስተካክላ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አንዴ አቃስታ ተነሣች።

«ድንጋዩን የሚያልፍ የለም» አለች። «እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ። እናንተ ሰውዬውን ይዛችሁ ከኋላዬ ኑ። ማንም እንዳይቀድመኝ።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ጉርሜ ነው፤ ከቃሬዛው ሥር ተመልሶ ገብቶ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ የቃሬዛው እጀታ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ሃርካ፣ አሁንስ ምን ይታያል?»

«ድንጋይ እየሄደ ነው፣ ሁዙር።»

«እዚህ አገር ድንጋይ ይሄዳል?»

«ዛሬ ይሄዳል።»

«ጻፍ።»

ቁልቁለቱን ወረዱ። ዞምባ ፊት፣ ቃሬዛው ኋላ። የሳርፑ ሰዎች መጀመሪያ ተሳሳቁ። የተንኮላቸው ፍሬ በገዛ እግሩ እየመጣላቸው ነበር። ሹማቸው አንግዱ፣ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ፣ እንግዳ ለመቀበል ተነሡ።

«እሰይ የካርዞንግ ልጆች! ደግ ናችሁ! ይኸው ሻሂው ሞቋል...» አሉና የዞምባን ቅርጫት አዩ። ቀዩን አፈር አዩ። ሻሂው እግራቸው ላይ ፈሰሰ። «ምንድን ነው... ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«የምታውቁት ነው፣ አባቴ።»

«ድንጋዩ! ኧረ ሰዎች፣ ድንጋዩን አመጣችው! ሣራችን ከኋላዋ ቀረ!»

«አዎን፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ የካርዞንግ ነው። ይህን ሕግ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተቀምጣችሁ ስትሞቁት የዋላችሁት እሱን ነው።»

ታርጌ ከኋላ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። ፍርሃቱ ጠፍቷል፤ ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው። «አስቀምጪው» አለ በሹክሹክታ። «እዚሁ አስቀምጪው! ይህን ሁሉ ሣር እይ! የመንደሩ ያክ በሙሉ ይከርምበታል!»

«ልጄ፣ አታስቀምጪው!» አሉ አንግዱ። «ባክሽ፣ ወደ በሩ መልሺልን። ሸክሙን እንቀበላለን። ሻሂም አለ...»

በዚህ መሃል መጋረጃው ተገለጠ፤ አፍንጫው የቀላ ወፍራም ፊት ብቅ አለ። «የትም አስቀምጪው! ሃርካ፣ ያረፈበትን ቦታ ወሰን ብለህ ጻፍ። እነዚህ ከዚያ ያንሱኝ፣ እንሂድ!»

የዶልፖ ተሸካሚ ሁሉ አናቱ ሰፋ ያለ በትር ይይዛል፤ ሲደክመው ሸክሙን ሳያወርድ ከቅርጫቱ ሥር ይደግፈውና ቆሞ ያርፋል። ዞምባ በትሯን ከቅርጫቱ ሥር ተከለች።

«አላስቀምጥም» አለች።

«ምን?»

«ወሰኑ ያለው ጀርባዬ ላይ ነው፣ ሁዙር። ካርዞንግ የት እንደሚያበቃ፣ ሳርፑ የት እንደሚጀምር ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እርስዎን መሸከም የማንም ተራ አይደለም።»

አራቱ ተሸካሚዎች ተያዩ። ቀስ ብለው ቃሬዛውን መሬት ላይ አኖሩትና ራቅ ብለው ቆሙ። ሳርፑዎችም አንድ እጅ አላነሱም፤ ማን ደፍሮ ያነሣል? የነካው ይወርሰዋል።

«ወታደር!» አሉ ሱባው። «ያንን ድንጋይ ከጀርባዋ አውርድልኝ!»

ወታደሩ ጠመንጃውን ይዞ ሁለት እርምጃ ተራመደ። አንግዱ ቀደሙት። የሚገርመው ይኸው ነው፤ ሽማግሌው ለዞምባ አዝነው አልነበረም፣ ድንጋዩ ሣራቸው ላይ እንዳይወድቅ ፈርተው እንጂ። ትከሻቸውን ከቅርጫቷ ሥር አስገቡ። ሌሎቹ ሳርፑዎች በግራ በቀኝ ደገፏት። ጉርሜም ገባ። ወታደሩ የያክ ገመድና ካስማ የጨበጡትን እጆች ቆጥሮ ሳይጨርስ ወደ እሳቱ ተመለሰና ጎድጓዳውን አንሥቶ «ይሄ ሻሂ ቅቤው አነሰው» አለ።

«ትደክማለች!» ሱባው በቁጣ ቀሉ። «እጠብቃታለሁ!»

«ይጠብቁ» አለች ዞምባ። «የዚህ አውራጃ ሕዝብ ሸክም ወዳድ ነው። አጽፈውታል እኮ።»

በረዶው መጣል ጀመረ። የፍም ማሰሮው ጠፋ። ሱባው በመጋረጃቸው ውስጥ ጥቂት ተኮራምተው ቆዩ፤ ከዚያ የቬልቬት ጫማቸው በረዶውን ረገጠ። የሳርፑ መንደር ጢሱ ከታች ይታያል፣ ቁልቁለት ነው፣ የሚሸከማቸው ግን የለም። ለምዳቸውን ተከናንበው፣ እየተሳደቡ፣ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ወታደሮቹ ሻሂያቸውን ጨልጠው ተከተሏቸው። ከኩርባው ላይ ሱባው ትንፋሽ ሊሰበስቡ ቆሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩ።

«ያ ምንድን ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«አማትዎ ናቸው፣ ሁዙር» አለ ሃርካናንዳ።

ያን ሌሊት ሁለቱ መንደሮች አንድ እሳት ሞቁ። ድንጋዩ ከጀርባ ወደ ጀርባ እየተላለፈ፣ መሬት ሳይነካ አደረ። የተጣሉት ሁሉ በሶ ተካፈሉ። ታርጌ ጠላ ሲቀምስ ልቡ ተመለሰለት፤ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል።

«ለአዲስ ዓመት እንዲህ ያለ ጨዋታ አልተሰማም! ‹የማንም ተራ አይደለም!› ፊቱን አያችሁት? የታክዩውን ያስንቃል!»

ዞምባ ከእሳቱ ማዶ ተቀምጣ ግንባሯን ታሻለች። «የታክዩውን ንገራቸው» አለች።

«አሁን?»

«አሁን። አባትህ ከየትኛው ቋጥኝ ጀርባ እንደነበሩ። ምን ይጠጡ እንደነበር። እናቴ ምን ተሸክማ እንደወደቀች ደግሞ ጨምርበት፤ ያንን ስትተርክ ሰምቼህ አላውቅም።»

ታርጌ ጎድጓዳውን አስቀመጠ። ያን ሌሊት ዳግም አልሳቀም።

ንጋት ላይ በረዶው አባራ። ዞምባ ድንጋዩን ከጉርሜ ጀርባ ተቀበለች።

«ስጪኝ ልጄ» አሉ አንግዱ። «እኔ ራሴ ወደ በሩ እመልሰዋለሁ። ከእንግዲህ በሰዓታችን እንገኛለን፣ እምላለሁ።»

«በሩ ላይ ይመለሳል፣ አባቴ። ግን ዛሬ አይደለም። የታክዩ ድንጋይ ከካርዞንግ ደጃፍ ተነሥቶ ጥቁሩ ቋጥኝ ጋ ሲቆም፣ ይሄኛውም ቦታውን ያገኛል።»

«ዞምባ!» ታርጌ ብድግ አለ። «መንደሩ ምን ይላል? ገደሉን መልሰን እኛ ልንሸከመው ነው?»

«አዎ። ድሮም የእናንተ ነው።»

«እኔ ሹም ነኝ!»

«የምን ሹም? ሹመትህ ይኸው እዚህ ጀርባዬ ላይ ያልቃል። ዛሬ ብጥለው ያልቃል፣ ወንዝ ውስጥ ብከተው ያልቃል።» ድምፅዋ ከሌሊቱ በረዶ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። «ጠላ ስቀዳላችሁ የኖርኩት ጨዋታው ጥሞኝ መሰለህ?»

በትሯን ነቅላ ዳገቱን ጀመረች። በሩ ላይ ስትደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ ወደ ቀኝ የካርዞንግ ቤቶች ጢስ ይታያል፣ ወደ ግራ በሸንተረሩ ወደ ታክዩ ገደል ይኬዳል። ቀና ሳትል ወደ ግራ ታጠፈች።

ካርዞንጎች ከመንታው መንገድ ላይ ቆሙ።

«አጆ» አለ ጉርሜ፣ «ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ሳናውቅ ቤታችን የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

ታርጌ የቤቱን ጢስ አየ። ከዚያ የበትሩን አፈር አራግፎ ወደ ግራ ታጠፈ። ሌሎቹም ተከተሉ። መንገዱ ጠባብ ቢሆንም ሊቀድማት የሞከረ አልነበረም፤ ድንጋዩን የሚያልፍ የለም።

ጥቁሩ ቋጥኝ ከሩቅ ብቅ ሲል ታርጌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቴ...» አለ። «አባቴ ከዚያ ቋጥኝ ጀርባ ነበር። ጠላ ይዘው ነበር። ታክዩዎች ሲጣሩ ይሰማቸው ነበር።»

ዞምባ ዞር አላለችም።

«ጮክ በል» አለች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»